በአባቷ ስም ወደ ባሕር

የልጅ ልጄ ባሕር ልትማር መሆኑን የነገረችኝ ሰኔ ግም ሲል ነው። የሁለተኛ ዓመት ፈተናዋን ጨርሳ ከዩኒቨርሲቲ ከመጣች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ የበግ ጠጉር እፈትላለሁ። እሷ አንድ ትልቅ ወረቀት ይዛ መጣችና በአራት እሾህ ግድግዳው ላይ ወጠረችው።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት።

«ፊደል ታውቂ የለም እምዬ? አንብቢዋ።»

አውቃለሁ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሬ፣ ከዚያም እስከ አራተኛ ክፍል ገፍቼ ነበር። ተነሥቼ ቀረብሁ። በግራ በኩል እስከ ዛሬ የተማረችውን ደርድራለች፤ ሒሳብ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሥነ ሕይወት። በቀኝ በኩል ሌላ ትምህርት ቤት የሚጠይቀውን ጽፋለች። ከግራ ወደ ቀኝ መስመር አስምራለች፤ አንዳንዱ መስመር መድረሻ አጥቶ መሐል ላይ ቆሟል። ከላይ በትልቁ «የውቅያኖስ ሳይንስ» ይላል።

ውቅያኖስ የሚለውን ቃል ከቤተ ክርስቲያን አውቀዋለሁ። «ያ ዳር የሌለው ውኃ ነው?»

«ዳርማ አለው። ኮሌጁ ያለው ዳሩ ላይ ነው። ኬንያ። የተማርኩትን ቆጥረው ሦስተኛ ዓመት ያስገቡኛል። ከተቀበሉኝ ማደሪያውንም ምግቡንም እነሱ ይችላሉ። የሚፈልጉት ወረቀቶቼን እስከ ሐምሌ ማለቂያ እንድልክላቸው ነው።»

ክሩ እጄ ላይ ተበጠሰ።

«ዓሣ አጥምደሽ ለማን ልትሸጪ ነው? መንዝ ዓሣ ይበላል?»

«ዓሣ አላጠምድም እምዬ። ውኃውን ነው የምንለካው። ጨውነቱን፣ ሙቀቱን፣ ጥልቀቱን።»

«ጥልቀቱን እኔ ልንገርሽ። ሰው ገብቶ የማይወጣበትን ያህል ነው።»

ማንን ማለቴ እንደሆነ ታውቃለች።

አባቷ አንድ ልጄ ነው። «ነበር» የሚለውን ቃል በእሱ ላይ አስቀምጬ አላውቅም፤ እዚህም አልጽፈውም። ሚስቱ ሕፃኗን በወለደች በዓመቱ ታማ አረፈች። ልጅቷ አራት ዓመት ሲሞላት እሱ በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገር እሻገራለሁ ብሎ ሄደ። አብረውት ከሄዱት የመንደራችን ልጆች አንዱ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ታሞ ተመለሰ። ያየውን ነገረኝ፤ ጀልባው ሲሞላ ልጄ ጫማውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ገባ። በቃ። ከዚያ ወዲህ ያለውን የሚነግረኝ አላገኘሁም። አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው።

ጎረቤቶቼ አንድ ሰሞን ለቅሶ እንቀመጥ ብለው ጠየቁኝ። ከደጄ አባረርኳቸው። ሬሳ ሳላይ፣ መርዶ ሳልረዳ፣ በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ላውጣ? አሁንም ውኃ የሞላ ገንዳ አጠገብ ስቆም እንኳ ከሥር የሚያየኝ ሰው ያለ ይመስለኛል።

አንድ ስሕተት የሠራሁት በዚያ ዘመን ነው። ልጅቷ ሰባት ዓመት ሲሆናት ትምህርት ቤት ላስመዘግባት ወሰድኳት። ጸሐፊው ቀና ሳይል «የአባት ስም?» አለኝ። ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርሁ። አሁን ቀና አለና «አባት አለ? የለም?» አለኝ። አለ ብል ውሸት መሰለኝ። የለም ብል ሟርት ነው፤ በገዛ አፌ ልጄን መቅበር ነው። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ያጉተመትማል። የባሌ ስም ከአፌ ወጣ። ጸሐፊው ጻፈው። በዚያች ደቂቃ የልጅ ልጄ በወረቀት ላይ የባሌ ልጅ፣ የአባቷ እኅት ሆነች። ባሌ ያኔ በሕይወት ነበር፤ ስነግረው «ምን አለበት፣ የእኔስ ልጅ አይደለች?» አለ። አስተካክለዋለሁ እያልኩ ዓመት ሄደ፤ ስምንተኛ ክፍል አለፈ፣ አሥራ ሁለተኛ አለፈ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ስሕተቱ ከልጅቷ ጋር አብሮ ተማረ።

ያን ቀን ግን ስለዚህ አላሰብሁም። ያሰብሁት ስለ ውኃው ነው። እሷም ገብቷታል መሰለኝ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ «ትዝ ይልሻል፣ ዓለም ከተማ ለሠርግ የወሰድሽኝ ጊዜ?» አለችኝ።

ትዝ ይለኛል። እኔ የመርሐቤቴ ተወላጅ ነኝ፤ ለጋብቻ ነው መንዝ የወጣሁት። እሷ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ለዘመድ ሠርግ ወሰድኳትና በጀማ ገደል በኩል ስንወርድ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የታተመበት ድንጋይ አንሥታ አልጥልም አለች። ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ የሥነ ሕይወት መምህሯ አይቶ፣ ይህ የባሕር እንስሳ ነው፣ ያ ገደል በጥንት ዘመን የባሕር ወለል ነበር ብሎ ነገራት። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚያ ነው።

«አየሽ እምዬ፣ ባሕሩ እዚህ ነበር። የተወለድሽበት አገር ባሕር ነበር። እንግዳ ነገር አይደለም።»

ልታጽናናኝ ነው። ለእኔ ግን መጽናኛ አልሆነኝም። አንዴ የመጣ ነገር መንገዱን ያውቃል።

በሳምንቱ ወደ ወረዳችን ከተማ ወደ መሐል ሜዳ ወረድን። ፓስፖርት ለማውጣት የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ከቢሮው ደጃፍ ብዙ ሰው ተሰልፏል። ጥበቃው ሽበቴን አይቶ «እማማ፣ ቀድመው ይግቡ» አለኝ። ከፊቴ ሕፃን ያዘለች ሴት ቆማለች፤ ከእሷ ፊት ደግሞ በከዘራ የተደገፈ ሰው።

«እነዚህስ?» አልሁት።

«እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት ብዬ ነው።»

«ትልቅ ሰው ወረፋ አይቀማም።»

ልጅቷ በክርኗ ጎሰመችኝ። «እምዬ፣ በእናትሽ ግቢ። ለምሳ ይዘጋል።»

አልገባሁም። ለምሳ ተዘጋ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቆሎ ስንቆረጥም ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ከሰዓት በኋላ ገባን። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ጨዋ። የልጅቷን የትምህርት ማስረጃ እያየ፣ «እናቷ ነዎት?» አለኝ።

«አያቷ ነኝ።»

«እዚህ ላይ የአባት ስም ተብሎ የተጻፈው…»

«የባሌ ነው።»

«እንግዲያው እናቷ ነዎታ።»

«አያቷ ነኝ አልሁህ እኮ።»

ሳቀ፤ ከዚያ ነገሩ ገባው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ ቀላሉን መንገድ ልንገርዎት። በሁለት ምስክር ፊት እናቷ ነኝ ብለው ይማሉ። ዛሬውኑ ያልቃል። ስንቱ አያት አድርጎታል መሰለዎት» አለ።

«ከባዱስ?»

«ከባዱ ፍርድ ቤት ነው። አቤቱታ፣ ምስክር፣ ቀጠሮ። የአባትነት ውሳኔ ሲያገኙ ደግሞ የተማረችባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ መዝገባቸውን ያርማሉ። ነሐሴ ከገባ ፍርድ ቤቱ ለዕረፍት ይዘጋል። ቀኑ የሚበቃችሁ አይመስለኝም።»

ልጅቷ እጄን ያዘችኝ። «እምዬ፣ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«ነኝ።»

«እናቴ አይደለሽ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያ እሱን በያቸው።»

«ለአንቺ እለዋለሁ። በእግዚአብሔር ስም ምዬ ለመንግሥት አልለውም። አባትሽ መቃብር የለው፣ ለቅሶ የለው። በዚህ ዓለም ያለው አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺንም ልቀማው?»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወጣን።

ወደ ቤት የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ግማሹን ከፊቴ ቀድማ ሄደች። ከወንዙ ማዶ ስንወጣ ዞር አለችና፣ «አንቺ እውነት እውነት የምትይው እኔን ለማስቀረት ነው! ባሕሩን ስለፈራሽ ነው!» አለችኝ።

«አፍሽን ያዢ!»

«ያኔ ስታስመዘግቢኝ እውነቱ የት ነበር?»

ዱላዬን መሬት ላይ መታሁት። በማግሥቱ ግን ከባዱን መንገድ ጀመርን።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አቤቱታውን ጻፈልን። «መዝገቡን ያስሞላሁት በስሕተት ነው ይበሉ፤ አውቄ ነው እንዳይሉ። አውቀው ሐሰት አስመዝግበው ከሆነ ሊያስጠይቅዎት ይችላል» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ያች ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ እሾህ ተሰካችብኝ። በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት ስገባ ታየኝ፤ በጓዳዬ ጉድ ጉድ ስል ሁሉ የፖሊስ ኮቴ የሰማሁ ይመስለኝ ጀመር።

ሁለት ምስክር አምጡ ተባልን። አንደኛው የነፍስ አባታችን ናቸው፤ ልጅቷን በሰማንያ ቀኗ ያጠመቋት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛዋ የክርስትና እናቷ ናት። እሷ ግን ልጇ ዘንድ፣ ቀየት የሚባል አገር ገብታለች። ቀጠሮው ሐምሌ ከገባ በአምስተኛው ቀን ሆነ።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ እጄን ሰብስቤአለሁ። ለክርስትና እናቷ መልእክት የምልከው እኔ ነበርሁ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ማስረጃዎቿን ታሰባስባለች። በየሁለት ቀኑ ትደውላለች፤ «ላክሽባት እምዬ?» ትለኛለች። አንድ ቀን ጉልበቴን አመመኝ አልሁ። አንድ ቀን ዝናብ ነው አልሁ። በሦስተኛው «ልኬአለሁ» አልኳት።

አልላክሁም።

ውሸት ስናገር ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ወረፋ አልቀማም ብዬ ድንጋይ ላይ ምሳዬን የበላሁት ሴትዮ፣ ያሳደግኋትን ልጅ በስልክ ዋሸኋት። ለራሴ ያልሁት፣ ቀኑ ካለፈ አለፈ፣ እኔ በሐሰት አልማልሁ፣ ማንም አይወቅሰኝም ነው። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ግን መሐላው አልነበረም። ጀልባ ነው የሚታየኝ፤ ልጅቷ ጫማዋን በአንገቷ አንጠልጥላ ትገባለች።

በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ ሁለተኛዋ ምስክር የት አለች ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ቀጠሮው በአሥር ቀን ተራዘመ።

ቤት ስንደርስ ወረቀቷን ከግድግዳው አነሣች። እሾሆቹን አንድ በአንድ ነቅላ፣ ወረቀቱን አጣጥፋ አስቀመጠችው። «ይቅር እምዬ። የሥነ ሕይወት መምህር እሆናለሁ። እዚሁ» አለች። አላለቀሰችም። አጠገቤ መጥታ ጠጉሩን ታባዝት ጀመር።

ደስ አለኝ። ያ ሁሉ ጭንቅ ከላዬ ላይ ተነሣና እንደ ልጅ ቀለለኝ። ከዚያ ጣቶቿን አየሁ፤ ጠጉሩን ያላየችው ይመስል ታባዝታለች፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው። ምን እንዳደረግሁ ያኔ ገባኝ። ባሕሩ አንዱን ወሰደብኝ፤ ይችን ደግሞ እኔ በቁሟ አስቀረኋት። በዚያ ደስታዬ የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ማለዳ ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «የዋሸሽው እኔን ነው?» አሉኝ።

«አይ አባ፣ እሷን ነው።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ? ሂጂና ለእሷ ንገሪ። ቀኖናሽን ከዚያ በኋላ እሰጥሻለሁ።»

«ብትጠላኝስ?»

«ትጠላሽ ይሆናላ። ብትጠላሽም እውነቱ የእሷ ነው።»

ነገርኳት። ቆሜ ነው የነገርኳት፤ ብቀመጥ የማልነሣ መስሎኝ። ፊቷ ላይ ምንም ሳታሳይ፣ «ነገ ወደ ቀየት መኪና አለ?» አለች።

መኪና ነበረ፤ ግን ጭቃው ግማሽ መንገድ ላይ ያዘው። የቀረውን በእግራችን ሄድን። ደመናው መሬት ወርዷል፤ ከአሥር ክንድ ወዲያ አይታይም። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ባትጠብቀኝስ እያልሁ እንደ ሕፃን ነጠላዋን እያየሁ ተከተልኋት። ሽቅቡ ላይ ስደርስ ቆማ አገኘኋት። ክንዷን ሰጠችኝ።

የክርስትና እናቷ በሩ ላይ ስታየን እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም። ምስክር ልትሆኚ ነው» አልኳት።

ነገሩን ስትሰማ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። «ባሕር ልትማር? መንዝ ተወልዳ? ውርጭ ብትማር አይሻልም? እሱስ እዚሁ ሞልቶ ተርፏል።»

«ውርጭም ውኃ ነው እቴቴ» አለቻት ልጅቷ።

«ተይኝ እባክሽ! እኔ ያልገባኝ አባትሽ ማን ነው ብሎ ዳኛ ፊት መቅረብ ምን ማለት ነው? ለክርስትናሽ ታቅፌሽ ስገባ ከጎኔ ቆሞ ነበር። ከአንቺ ይልቅ ያለቀሰው እሱ ነው። ውኃውን ያፈሰሱት በእሱ ላይ እስኪመስል።» ከዚያ ወደ እኔ ስትዞር ሳቋ ጠፋ። «እትዬ፣ እኔ እኮ እስኪጠሩኝ ስጠብቅ ነው የኖርሁት። ስሙን ማንም አንሥቶ ሲጠይቀኝ ሰምቼ አላውቅም።»

ይዘናት መጣን።

ዳኛዋ ገና ወጣት ሴት ናት። መሐላውን አስማለችኝ። ይቀመጡ አለችኝ፤ ቆሜ እናገራለሁ አልሁ።

«የትምህርት ቤቱን መዝገብ ያስሞላው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የሞሉት ትክክል እንዳልሆነ ያኔ ያውቁ ነበር?»

ማመልከቻ ጸሐፊው ያለኝ ትዝ አለኝ። በስሕተት ማለት ነው ያለብኝ። አንድ ቃል ናት። ምላሴ ላይ መጥታ ቆማለች። በበሩ የቆመውን ፖሊስ አየሁት።

«አውቅ ነበር» አልሁ።

ልጅቷ ከኋላዬ «እምዬ!» ስትል ሰማሁ።

«ለምን አደረጉት?»

«አባት አለ ወይ አሉኝ ክብርት ዳኛ። አለ ማለት አልቻልሁም። የለም ማለትም አልቻልሁም። ጥያቄው ሌላ መልስ ያለው አልመሰለኝም።»

ትንሽ ጻፈች። «አሁንስ? በሕይወት አሉ?»

«አላውቅም።»

«ሞተዋል?»

«አላውቅም። የማላውቀውን አልምልም። እሷ የእሱ ልጅ መሆኗን ግን አውቃለሁ፤ በእጄ ነው የተቀበልኳት።»

«የተጠየቀው እሱ ነው። ሞታቸውን አልጠየቅንዎትም» አለች፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው።

ምስክሮቹ ተሰሙ። ከዚያ ዳኛዋ ለጸሐፊዋ እየነገረች ታስጽፍ ጀመር፤ የልጄን ስም ከነአባቱ ሦስት ጊዜ ጠራችው። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ ድምፅ፣ በሰው ፊት፣ እንደማንኛውም ሰው ስም ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። አሁን ተቀመጥሁ። ፖሊሱ ወደ እኔ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ አልመጣም። ዳኛዋ መዝገቡን ከድና፣ «ያኔ ስላስመዘገቡት ነገር ፍርድ ቤቱ ገሥጾዎታል። ሌላ ጊዜ አላውቅም ማለትም መልስ መሆኑን ይወቁ» አለችኝ።

«ልክ ነሽ» አልኳት፤ ክብርት ማለቱን ረስቼ።

ውሳኔው በእጃችን ሲገባ ሐምሌ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣ ከቢሮ ቢሮ ዞረች። አንዱ ጋ ማኅተም ያዡ የለም ተባለ። ተከትያት ሄጄ ደፉ ላይ ተቀመጥሁ፤ ሰውዬው ከቤቱ ተጠርቶ እስኪመጣ አልተነሣሁም። ኔትወርክ ሲጠፋ ደብረ ብርሃን በመኪና ሄዳ ላከችው። ሁለት ቀን ሲቀረው ደረሰ።

መልሱ በነሐሴ መጣ። ተቀብለዋታል። ግን ከተማረችው ሦስቱን ትምህርት አንቆጥርም፣ ግማሽ ዓመት ወደ ኋላ ትመለሻለሽ አሏት። እሷ እየዘለለች ነው የነገረችኝ። እኔን ግን ነገሩ ቆረቆረኝ።

«ተምረሽዋል አይደል?»

«አዎ።»

«አልፈሻል?»

«አዎ እምዬ፣ ግን የእነሱ…»

«ታዲያ አቤት በይ! የለፋሽበትን ለምን ይጥሉታል?»

ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጣ፣ በየትምህርቱ ምን ምን እንደተማረች ምዕራፍ በምዕራፍ ጻፈችላቸው። ሁለቱን ቆጠሩላት፤ ፊዚክሱን እምቢ አሉ። አሁንም አላመንኳቸውም፤ እሷ ግን ይበቃል አለች።

ከመሄዷ በፊት አንድ የመጨረሻ ቅጽ ነበር። የጤናዋን፣ የደሟን ዓይነት ይጠይቃል። ሞልታ ሞልታ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ። ወረቀቱን በእጇ ልትሸፍነው ስትሞክር አየኋት።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይደል።»

«አንብቢልኝ።»

«በጉዞ ወይም በባሕር ሥራ ላይ አደጋ ቢደርስ ለማን ይነገር ነው የሚለው። የነፍስ አባታችንን ስልክ ልጽፍ ነው።»

ለምን እሳቸውን እንደመረጠች ገባኝ። በእኛ አገር መርዶ ለእናት በቀጥታ አይነገርም። ለቄሱ ይነገራል፣ ለሽማግሌ ይነገራል። እነሱ ተማክረው ቀን ይመርጣሉ፣ ጎረቤት ይሰበስባሉ፣ ማለዳ መጥተው ደጃፍሽን ያንኳኳሉ። እስከዚያ ድረስ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ አንቺ ብቻ እየሳቅሽ ውኃ ትቀጃለሽ። ለርኅራኄ ነው የሚሉት።

«የእኔን ጻፊ» አልኳት።

«እምዬ፣ ብቻሽን ሆነሽ እንዲህ ያለ ነገር…»

«አሥራ ስድስት ዓመት የሚነግረኝ አጥቼ ነው የኖርሁት። ክፉም ይሁን ደግ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ። ይኼ ይገባኛል። ስጪኝ፣ ራሴ እጽፈዋለሁ።»

ብዕሩን ሰጠችኝ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ስሜ ከመስመሩ ወጣ። ዝምድና የሚለው ላይ አያት ብዬ ጻፍሁ፤ እሷ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ደገመችው። ቁጥሬን እሷ እየጠራችልኝ እኔ ጻፍሁት።

«ትፈሪያለሽ?» አለችኝ።

«አዎ። አንቺስ?»

«በጣም» አለች። ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም።

ፓስፖርቷ በአባቷ ስም ወጣላት፤ በመስከረም ሄደች። ስልኬ አሁን በነጠላዬ ጫፍ ታስሮ ነው የሚውለው። ሲጮኽ ቶሎ አላነሣውም፤ ሁለት ጊዜ አስጮኸዋለሁ። እግዚአብሔርን አንድ ነገር ለመለመን የምትበቃ ጊዜ ናት። ከዚያ አነሣዋለሁ።